ፖስታ በቤት ፕሪንተር ሲያትሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጥር ሠርግ ሲቃረብ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የጥሪ ካርዱን ማተሚያ ቤት ይሠራዋል፤ የተጋባዦቹን ስም በየፖስታው ላይ ማስፈር ግን ለቤተሰቡ ይተርፋል። ማይክሮሶፍት ወርድና አንድ ተራ ፕሪንተር ካለ ሥራው የአንድ ምሽት ነው። ከሚጣሉት ፖስታዎች ብዙዎቹ የሚበላሹት በመጠንና በአቅጣጫ ስህተት ስለሆነ ከእነሱ እንጀምር።

መጠኑን ሳይለኩ ማተም

ወርድ «ሜይሊንግስ» ውስጥ «ኢንቨሎፕስ» ሲጫኑ ቀድሞ የሚያቀርበው ብዙ ጊዜ «ሳይዝ 10» የተባለውን የአሜሪካ ፖስታ ነው፤ 241 በ105 ሚሊሜትር ገደማ። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የምንገዛው ረጅም ነጭ ፖስታ ግን በአብዛኛው ዲኤል ነው፤ 220 በ110። ልዩነቱ 2 ሴንቲሜትር ነው፤ ስሙን ከቦታው ለማሸሽ በቂ ነው። የሠርግ ፖስታ ደግሞ በካርዱ ልክ ስለሚቆረጥ ከዝርዝሩ ውስጥ ላይገኝ ይችላል። በማስመሪያ ለክተው፣ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ከመጠኖቹ ዝርዝር ግርጌ ባለው «ከስተም ሳይዝ» ያስገቡት።

ይህ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ወርድ ዲኤል ቢባልም የፕሪንተሩ «ፕሮፐርቲስ» ኤ4 ላይ ከቀረ ጽሑፉ ተቆርጦ ወይም ወደ ጎን ሄዶ ይወጣል። መጠኑንም የወረቀቱንም ዓይነት እዚያው ይቀይሩ። በሌዘር ፕሪንተር (የዱቄት ቀለም በሙቀት አቅልጦ በሚያትመው) ላይ ዓይነቱን «ኢንቨሎፕ» ማድረግ ሙቀቱንና ፍጥነቱን ለወፍራም ወረቀት ያስተካክላል።

አቅጣጫውን በግምት መያዝ

የቤት ፕሪንተር የሚቀበለው ስፋት ብዙ ጊዜ 216 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 220 የሆነው ዲኤል በረጅም ጎኑ አይገባም፤ በአጭሩ ጎን ነው የሚሰጠው። ትልቁ ካኪ ፖስታ (229 በ324) በአጭሩም ቢሆን አያልፍም። አድራሻውን በወረቀት አትመው ይለጥፉበት፤ መታገሉ ሮለሩን ከመጉዳት ሌላ ጥቅም የለውም።

የትኛው ፊት ወደ ላይ ይሁን? እንደ ኤፕሰን ኤል 3110 ከኋላ የሚጎርሱት በሚታየው ፊት ላይ ያትማሉ። ከፊት ባለው ሳጥን ወስደው ወረቀቱን የሚገለብጡት ደግሞ በታችኛው ፊት ላይ ነው። ከመገመት ኤ4 ወረቀት በፖስታው ልክ ቆርጠው፣ በላይኛው ፊቱ ላይ የሚገባበትን አቅጣጫ በእርሳስ ቀስት አድርገው አንድ ጊዜ ያትሙበት። ስሙ ከቀስቱ ጋር በአንድ ፊት ነው ወይስ በጀርባው? የተዘቀዘቀ ነው ወይስ ቀጥ ያለ? ያንን አይተው «ፕሪንቲንግ ኦፕሽንስ» ውስጥ የሚስማማውን ሥዕል ይምረጡ።

ስም ዝርዝሩን በጥድፊያ ማዘጋጀት

መቶ ሁለት መቶ ስም በእጅ መተየብ ከንቱ ድካም ነው፤ ዝርዝሩን በኤክሴል ሠርተው በሜይል መርጅ (ወርድ ስሞቹን ከዝርዝሩ እየወሰደ በየፖስታው ላይ በሚያሰፍርበት መሣሪያ) ያስገቡት። እዚህ ላይ ሰው የሚረሳው ማዕረጉን ነው። ወሎ ውስጥ በአንድ የሠርግ ዝርዝር ሐጂም፣ ሼህም፣ ቄስም፣ መሪጌታም ይገኛሉ። «አቶ» ብለው ወርድ ላይ በቋሚነት ከጻፉ ሐጂው ቤት «አቶ» ተብሎ ይሄዳል፤ ይህ ቅሬታ ቶሎ አይረሳም። «ማዕረግ»፣ «ስም»፣ «ሰፈር» እና «ስልክ» የየራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው።

ስልክ ያስፈለገው ፖስታውን የሚያደርሰው ልጅ ሆጤ ወይም ሳላይሽ ደርሶ ቤቱን እንዳያጣ ነው። ቁጥሩን ከማስገባትዎ በፊት ዓምዱን «ቴክስት» ያድርጉት፤ አለበለዚያ ኤክሴል ከ09 ላይ ዜሮዋን ይበላታል። በፖስታ ቤት ለሚሄድ ደግሞ ከስሙ ሥር ፖ.ሣ.ቁ.፣ ከዚያ ከተማው ይበቃል።

በድሮ ፎንት የተተየበ ዝርዝር

ዝርዝሩ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ባልሆነ የቆየ የግዕዝ ፎንት ከተጻፈ፣ ፖስታው ላይ ሲገባ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል። ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው ላቲን ነው፤ ግዕዝ ያስመሰለው ፎንቱ ብቻ ነበር። መፍትሔው በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ወይም በመለወጫ ፕሮግራም መቀየር ነው። ከዚያ በኒያላ ወይም በኢብሪማ ፎንት፣ በ14 ወይም በ16 መጠን በደንብ ይነበባል።

እርጥበትና ሙቀት

ደጋው ደሴ በክረምት ጉም ሲውጠው የተከፈተ የፖስታ እሽግ እርጥበት ይይዛል፤ ጫፉ ይጠቀለላል፣ ሙጫውም ይጣበቃል። እሽጉን በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ ከማተምዎ በፊትም ጠርዙን በማስመሪያ ጫን ብለው ያስተኙት። በአንድ ጊዜ ከአምስት በላይ አይደርድሩ። ባለ ፕላስቲክ መስኮት ወይም ራሱን የሚለጥፍ ፖስታ ለሌዘር የተሠራ መሆኑ በእሽጉ ላይ ካልተጻፈ ሌዘር ውስጥ አያስገቡ፤ ቀለሙን የሚያቀልጠው ክፍል እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚሞቅ ፕላስቲኩ ሮለሩ ላይ ይቀልጣል። የሚያብረቀርቅ የሠርግ ፖስታ ደግሞ ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር) ላይ ቀለሙን ስለማይመጥ ጣት ሲነካው ይዝረከረካል። አንድ አትመው አሥር ደቂቃ ከቆየ በኋላ በጣትዎ ያሹት፤ ከለቀቀ ስሙን በነጭ ወረቀት አትመው መለጠፍ ይሻላል።

መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ፕሪንተሩን ከሶኬት ነቅለው፣ ሌዘር ከሆነም እስኪበርድ ጠብቀው፣ ፖስታውን በሁለት እጅ በሚወጣበት አቅጣጫ ቀስ ብለው ይሳቡት።