የሳይቶካይንና የደም ሥር እድገት ጥናትን የሚያበላሹ ስህተቶች

ብዙ ሥራ ከንቱ የሚያስቀረው ቪኢጂኤፍን (የደም ሥር እድገትን የሚያነሳሳ ፕሮቲን) ከሴረም፣ ማለትም ደም ከረጋ በኋላ ከሚቀረው ፈሳሽ፣ መለካት ነው። ደም ሲረጋ ፕሌትሌቶች (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሕዋሳት) በውስጣቸው ያከማቹትን ቪኢጂኤፍ ይለቃሉ፤ ስለዚህ የሚነበበው ቁጥር በታማሚው ደም ውስጥ ሲዘዋወር የነበረውን ብቻ አያሳይም። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ብግነት ራሱ በኢንተርሉኪን-6 (ከሳይቶካይኖች፣ ማለትም ሴሎች ምልክት ከሚለዋወጡባቸው ፕሮቲኖች፣ አንዱ) አማካይነት የፕሌትሌትን ቁጥር ከፍ ማድረጉ ነው። በታማሚና በጤነኛ መካከል የታየው ልዩነት የፕሌትሌት ብዛት ብቻ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ደሙን እንዳይረጋ በሚያደርግ የኢዲቲኤ ወይም የሲትሬት ቱቦ ይቅዱ፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ በ1,000 ጂ (የስበት ኃይል እጥፍ) ለ15 ደቂቃ ያሽከርክሩ። ፕላዝማውን (ከላይ የሚቀረውን ፈሳሽ) ለይተው በ10,000 ጂ ለ10 ደቂቃ ይድገሙት፤ የቀሩት ፕሌትሌቶች የሚወገዱት በዚህ ነው። ከዚያም በትንንሹ ከፋፍለው በ−80 ዲግሪ ያስቀምጡ።

ሳይቶካይን ሁሉ የደም ሥር ያሳድጋል ብሎ መነሳትም ያሳስታል። ሲኤክስሲኤል8 የተባለው ሳይቶካይን እድገቱን ሲያበረታታ፣ በኢንተርፌሮን-ጋማ ትእዛዝ የሚመረተው ሲኤክስሲኤል10 ያግደዋል። ቲኤንኤፍ-አልፋ የተባለው ሌላ ሳይቶካይን ብቻውን ሁለቱንም ያደርጋል፤ በእንስሳት ላይ በአነስተኛ መጠን ሲያነሳሳ በከፍተኛ መጠን ይገታል። የቆይታ ጊዜውም ውጤቱን ይለውጣል። በአንድ መጠን ብቻ ሞክሮ መደምደም አይገባም፤ 0.1፣ 1፣ 10 እና 100 ናኖግራም በሚሊሊትር ጎን ለጎን ይፈትሹ፤ አጭርና ረጅም ቆይታንም ያነጻጽሩ።

ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ የተመረተ ፕሮቲን ሲጠቀሙ ኢንዶቶክሲንን (የባክቴሪያውን ሽፋን መርዛማ ክፍል) አይርሱ። ቅሪቱ በቲኤልአር4 (ኢንዶቶክሲንን በሚለይ ተቀባይ) በኩል የኢንዶቴሊያል (የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን) ሴሎችን ስለሚያነሳሳ ውጤቱ የሳይቶካይኑ ይመስላል። ፕሮቲኑን አፍልተው ይሞክሩ፦ ፕሮቲኑ ይበላሻል፣ ኢንዶቶክሲኑ ግን ሙቀቱን ይቋቋማል። ምላሹ ካልጠፋ ብክለት ይጠርጥሩ።

የኢንዶቴሊያል ሴሎች ቱቦ መሥራታቸውን ለማየት በማትሪጄል (ሴሎች የሚዘሩበት ጄል) ላይ የሚሠራው የቱቦ ሙከራ ቀላል ስለሚመስል ጥንቃቄ ይጎድለዋል። የእድገት ፋክተሩ የተቀነሰለትን ዓይነት ይምረጡ፤ መደበኛው ራሱ ሴሎቹን ያነሳሳልና። ሌሊቱን በ4 ዲግሪ ያቅልጡት፤ ፒፔቱንም ያቀዝቅዙ፤ አለዚያ ከመፍሰሱ በፊት ይረጋል። ባለ96 ጉድጓድ ሳህን ላይ 50 ማይክሮሊትር አፍስሰው በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ያቆዩ፤ ከዚያ ከ10,000 እስከ 20,000 ሴል ይጨምሩ። ሴሎቹ ከተጨመሩ ከ4 እስከ 6 ሰዓታት በኋላ ፎቶ ያንሱ። እስከ ማግስቱ ከቆየ ቱቦዎቹ መፈራረስ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ያም እንደ እገዳ ይነበባል። ሙከራው የሴሎችን አደራደር እንጂ መባዛታቸውን አይለካም።

የቀላ ሕብረ ሕዋስ ሁሉ አዲስ የደም ሥር አብቅሏል ማለት አይደለም። ሂስታሚንና ናይትሪክ ኦክሳይድ የነበሩትን ሥሮች በማስፋት ብቻ ያቀሉታል። የኢንዶቴሊያል ሴልን የሚለየውን ሲዲ31ን መባዛትን ከሚያሳየው ከኪ-67 ጋር አንድ ላይ ቀልመው፣ ሁለቱንም የያዙትን ሴሎች ይቁጠሩ።