የቤት ዋጋ ሲወርድ፦ ልግዛ ወይስ ልከራይ? ሂሳቡ እንዴት እንደሚሰራ

የቤት ገበያ ሲቀዘቅዝ ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። አንዱ «አሁን ነው፣ ረክሷል፣ ግዛ» ይላል። ሌላው «ተው፣ ገና ይወርዳል» ይላል። ሁለቱም የሚገምቱት አንድ ነገር ነው፦ ዋጋው መውረዱን የሚያቆመው የት ላይ ነው? ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ዋጋው ወለል መንካቱ የሚታወቀው ተመልሶ መውጣት ከጀመረ ከወራት በኋላ ነው።

ያለፈውን እንይ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ የቤት ዋጋ ከ2006 እስከ 2012 በአገር አቀፍ ደረጃ ወደ 27 በመቶ ወርዷል። በአየርላንድ ከ2007 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ግማሽ ያህሉ ጠፍቷል። በጃፓን ደግሞ የከተማ መሬት ዋጋ በ1991 አካባቢ ጣሪያ ነክቶ ከዚያ በኋላ ከ10 ዓመት በላይ ቁልቁል ሄደ። በ1995 «አራት ዓመት ሙሉ ወርዷል፣ ከዚህ በላይ የት ይሄዳል?» ብሎ የገዛ ሰው ገና ብዙ ቁልቁለት ይጠብቀው ነበር።

ስለዚህ ወለል ፍለጋውን እንተወው። በእሱ ፋንታ ይህን እንጠይቅ፦ ዋጋው ቢወርድም ሳልሸጥ ስንት ዓመት መቆየት እችላለሁ? የወረደ ዋጋ ክፉኛ የሚመታው መሸጥ ግድ የሆነበትን ሰው ነው። መሸጥ የማይገደደው ሰው ወርሃዊ ክፍያውን እየከፈለ ይኖራል፣ ክፉው ጊዜ ያልፋል።

ደረጃ 1፦ የቆይታ ዓመትዎን ይጻፉ

ወረቀት ያውጡና አንድ ቁጥር ይጻፉ። በዚያ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ይኖራሉ? የሚመኙትን ሳይሆን የሚመስልዎትን ይጻፉ። ሥራዎ ወደ ሌላ ከተማ ሊወስድዎት ይችላል? ትዳር፣ ልጅ፣ ፍቺ፣ የታመመ ወላጅ መጦር፤ እነዚህ ሁሉ ሰውን ከቤቱ ያነሳሉ። ባለትዳሮች ከሆናችሁ ሁለታችሁም ሳትተያዩ ብትጽፉት ይሻላል። አንዱ 10፣ ሌላው 3 ከጻፈ መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ደላላ ሳይሆን የቤት ውስጥ ውይይት ነው።

ቁጥሩ ከ5 በታች ከሆነ እና ገበያው እየወረደ ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት ነገሩ እዚህ ላይ አልቋል። ይከራዩ። ለምን እንደሆነ የሚቀጥለው ሂሳብ ያሳያል።

ደረጃ 2፦ የማይመለሰውን ገንዘብ ለዩ

ብዙ ሰው የሚያወዳድረው የወር ኪራይን ከወር የብድር ክፍያ ጋር ነው። «ኪራይ ባዶ ወጪ ነው፣ ለሰው ከመክፈል ለራስ መክፈል ይሻላል» የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው። ነገር ግን የባለቤቱም ወጪ አብዛኛው አይመለስም። ማወዳደር ያለብን የተከራዩን የማይመለስ ገንዘብ ከገዢው የማይመለስ ገንዘብ ጋር ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። የቤቱ ዋጋ 1,000,000 ነው እንበል፤ የገንዘቡ ዓይነት የፈለጉት ይሁን። ቅድመ ክፍያው 200,000፣ ብድሩ 800,000፣ ወለዱ 6 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 30 ዓመት። ወርሃዊ ክፍያው ወደ 4,800 ይመጣል። በመጀመሪያው ዓመት በጠቅላላው ወደ 57,600 ይከፍላሉ። ከዚህ ውስጥ ዋናውን ብድር የሚቀንሰው 9,800 ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው 47,700 ገደማ ወለድ ነው። ሄደ።

በዚህ ላይ የሚከተሉትን ይደምሩ፦

ጥገና። በየዓመቱ የቤቱን ዋጋ 1 በመቶ መያዝ የተለመደ መነሻ ነው። አሮጌ ቤት ከሆነ ይጨምሩበት። እዚህ 10,000።

ግብርና መድን። እንደየአገሩ ይለያያል። ለምሳሌያችን ሌላ 10,000 እንያዝ።

የታሰረው ቅድመ ክፍያ። ያ 200,000 ባንክ ተቀምጦ 4 በመቶ ቢወልድ ኖሮ በዓመት 8,000 ያመጣ ነበር። ቤቱ ውስጥ ስለገባ አያመጣም። ሰዎች ሁልጊዜ የሚረሱት ይህንን ነው።

ድምሩ በዓመት ወደ 75,700 ነው። ይህ እንግዲህ ቤቱ ሳይወርድም ሳይወጣም ባለበት ቢቆም ነው።

የመግዣና የመሸጫ ወጪ ይቀራል። የደላላ፣ የውል፣ የስም ማዛወሪያ፣ የግምት፣ የባንክ አገልግሎት። ሁሉም ተደምሮ 70,000 ቢሆን፣ በሁለት ዓመት የሚሸጥ ሰው በዓመት 35,000 ይደርስበታል። 10 ዓመት የሚቆይ ሰው ግን 7,000 ብቻ። የደረጃ 1 ቁጥር ይህን ያህል የሚከብደው ለዚህ ነው።

በተከራዩ በኩል ሂሳቡ አጭር ነው፦ የዓመት ኪራይ፣ የዕቃ ማጓጓዣ፣ ለአከራዩ ካስያዘው ገንዘብ ላይ ሊቀርበት የሚችለው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የሚወዳደሩት ሁለት ቤቶች አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። የሁለት ክፍል ኪራይን ከአራት ክፍል ግዢ ጋር አስተያይቶ «ኪራይ ረከሰ» ማለት ራስን መሸወድ ነው።

ደረጃ 3፦ ዋጋውን ለዓመት ኪራይ ያካፍሉ

ይህ ፈጣን ማጣሪያ ነው። የቤቱን ዋጋ ተመሳሳይ ቤት በዓመት ለሚከራይበት ገንዘብ ያካፍሉ። ውጤቱ ከ15 በታች ከሆነ መግዛት ሚዛን ይደፋል። ከ20 በላይ ከሆነ መከራየት። መሃል ላይ ከሆነ የቆይታ ዓመትዎና የወለዱ መጠን ይወስናሉ። ይህ በግምት የሚሠራ ደንብ ነው፤ ወለድ በጣም ከፍ ወይም በጣም ዝቅ ሲል ይዛባል።

በእኛ ምሳሌ ኪራዩ በዓመት 50,000 ከሆነ ውጤቱ 20 ነው። ገዢው ከ75,000 በላይ ሲያወጣ ተከራዩ 50,000 ያወጣል። ዋጋው የሚጨምር ቢሆን ልዩነቱን ይሸፍነው ነበር፤ በሚወርድ ገበያ ግን የሚሸፍነው ነገር የለም። ኪራዩ 70,000 ቢሆን ውጤቱ ወደ 14 ይወርዳል። ያኔ ሁለቱ ተቀራረቡ ማለት ነው፤ ረጅም ጊዜ ለሚቆይ ሰው መግዛት ያዋጣል።

ገበያ ሲወርድ ይህን ቁጥር በየጊዜው ማስላት ጥሩ ነው። ኪራይ ብዙውን ጊዜ እንደ ሽያጭ ዋጋ ቶሎ አይወርድም። ስለዚህ ቁጥሩ ከ24 ወደ 20፣ ከ20 ወደ 17 እያለ ሲመጣ ይታያል። «ወለል ነካ ወይ?» ብሎ ከመጨነቅ ይህን መከታተል ይሻላል።

ደረጃ 4፦ «ረከሰ» ከማለትዎ በፊት ወለዱን ይዩ

የቤት ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ወለድ ስለጨመረ ነው። ያኔ መለያው ላይ ያለው ዋጋ ቀንሶ የወር ክፍያው ሊጨምር ይችላል። በአሜሪካ የ30 ዓመት ቋሚ የቤት ብድር ወለድ በ2022 መጀመሪያ ከ3 በመቶ ብዙም ያልራቀ ነበር። በዚያው ዓመት መገባደጃ 7 በመቶን አልፏል።

ይህ በእኛ ምሳሌ ምን ያደርጋል? በ3 በመቶ፣ ለ800,000 ብድር የወር ክፍያው ወደ 3,370 ነው። ወለዱ 7 ሆኖ የቤቱ ዋጋ 10 በመቶ ወርዶ 900,000 ቢሆንና ብድሩም ወደ 720,000 ቢቀንስ፣ ክፍያው ወደ 4,790 ይሆናል። ቤቱ ረክሷል፣ ክፍያው ግን ከ40 በመቶ በላይ ጨምሯል። የወር ክፍያው እኩል እንዲሆን ዋጋው ወደ 37 በመቶ መውረድ ነበረበት።

«ወለዱ ሲቀንስ ብድሩን በአዲስ እቀይረዋለሁ» የሚል መልስ አለ። እውነትነት አለው። የተገዛበት ዋጋ አይቀየርም፣ ወለድ ግን ሊቀየር ይችላል። ነገር ግን ባንክ አዲስ ብድር የሚሰጠው የቤቱ ዋጋ ከዕዳው በላይ ሲሆን ነው። ዋጋው ከዕዳው በታች ከወረደ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ ዛሬ ባለው ወለድ መክፈል ካልቻሉ ወደፊት ይቀንሳል ብለው አይግዙ። ተለዋዋጭ ወለድ ከሆነ ደግሞ 2 ወይም 3 በመቶ ቢጨመርበት ክፍያው ስንት እንደሚሆን ባንኩን ጠይቀው ይጻፉት።

ደረጃ 5፦ የክፉ ቀን ሂሳብ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ነው። ሁለት ክፉ ነገሮች በአንድ ጊዜ ይድረሱ፦ ቤቱ 25 በመቶ ይውረድ፣ ገቢዎም ይቋረጥ። ይህ ሟርት አይደለም። የቤት ዋጋ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ኢኮኖሚው ሲታመም ነው፤ ሥራ የሚጠፋውም ያኔ ነው። በግንባታ፣ በባንክ ወይም በቤት ሽያጭ ዘርፍ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ይብሳል፤ ደመወዙም ቤቱም በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው።

በምሳሌያችን አምስት ዓመት ሙሉ ክፍያ ሳይዘገይ ተከፍሏል። በጠቅላላው ወደ 288,000 ወጥቷል። የቀረው ዕዳ ግን ወደ 744,000 ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ወለዱ እንደሚበላቸው አይተናል። ቤቱ አሁን የሚያወጣው 750,000 ነው። ከዚህ ላይ 5 በመቶ የመሸጫ ወጪ ሲነሳ 712,500 ይቀራል። ዕዳውን አይሸፍንም። የ200,000ው ቅድመ ክፍያ ጠፍቷል፣ ሻጩም ወደ 32,000 ገደማ ከኪሱ ጨምሮ ነው ቤቱን የሚለቀው።

ያው ሰው ሥራው ላይ ቢቆይ ወይም በቂ ቁጠባ ቢኖረውስ? ወለዱ ቋሚ ከሆነ ክፍያው ያው 4,800 ነው። የጎረቤቱ ቤት በስንት እንደተሸጠ ባይሰማ ይሻለዋል እንጂ ኑሮው አይናጋም።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛ፣ ቅድመ ክፍያው ከተከፈለ በኋላ ቢያንስ የስድስት ወር ሙሉ ወጪ በእጅዎ ይቀራል ወይ? ቁጠባን አሟጥጦ ቅድመ ክፍያን ማሳደግ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ቤት ውስጥ የገባ ገንዘብ በችግር ቀን ቶሎ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ባንኩ ቤቱን በሐራጅ ሸጦ ዕዳው ባይሸፈን ቀሪውን ማን ይከፍላል? በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች፣ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ፣ መኖሪያ ቤት ለመግዛት የተወሰደ ብድር በአብዛኛው ቤቱን በማስረከብ ያበቃል። በስፔን ግን ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ ብዙ ሰዎች ቤታቸውን አጥተውም ዕዳው ተከትሏቸዋል። የእርስዎ አገር ሕግ የትኛው ነው? ውሉን ይዘው የሕግ ባለሙያ ይጠይቁ። ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ከሁሉም ወጪ ትንሹ ነው።

ደረጃ 6፦ የተጠራውን ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ ያግኙ

በሚወርድ ገበያ መጀመሪያ የሚጠፋው ሽያጭ ነው፤ ዋጋው የሚከተለው ቆይቶ ነው። ሻጮች በኪሳራ መሸጥ ስለሚያማቸው ከፍ ያለ ዋጋ ጠርተው ይጠብቃሉ። በ1990ዎቹ በቦስተን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ላይ የተደረገ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፦ ከገዙበት በታች ሊሸጡ የተቃረቡ ባለቤቶች ከሌሎቹ የበለጠ ዋጋ ይጠሩ ነበር፤ ቤታቸውም ሳይሸጥ ይቆይ ነበር።

ስለዚህ ማስታወቂያ ላይ ያለው ቁጥር ከገበያው ወደ ኋላ የቀረ ነው። በቅርብ ወራት በትክክል የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ዋጋ ይፈልጉ። ቤቱ ለሽያጭ ከወጣ ስንት ጊዜ ሆነው? ዋጋው ስንት ጊዜ ተቀነሰ? ሻጩ ለምን ይሸጣል? ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ወይም ውርስ የሚካፈል ሻጭ ከሚጠብቀው ሻጭ ይለያል። ዝቅ ያለ ዋጋ ለመጥራት አይፈሩ። ከእርስዎ ሌላ ገዢ ላይኖር ይችላል።

ለመከራየት ከወሰኑ

ሂሳቡ «ተከራይ» ካለ መከራየትም የራሱ ሥራ አለው። ባዶ ቤቶች ከበዙ ኪራዩን ይደራደሩ፤ ለረጅም ጊዜ ውል ቅናሽ ይጠይቁ። አከራዩ የባንክ ዕዳ እንዳለበትና እየከፈለ እንደሆነ ለማጣራት ይሞክሩ። ባንክ ቤቱን ከወሰደው መጀመሪያ የሚነካው ተከራዩ ነው። አሜሪካ በ2009 ተከራዮች ቢያንስ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲያገኙ የሚያስገድድ ሕግ ያወጣችው ኪራያቸውን በወቅቱ የከፈሉ ሰዎች ጭምር በድንገት ሲወጡ ስለታየ ነው።

ሌላው ነገር ልዩነቱ ነው። መከራየት በዓመት 25,000 ካስተረፈ፣ ያ ገንዘብ ደመወዝ በገባበት ቀን ወደ ሌላ ሂሳብ መሄድ አለበት። ተከራይ በሂሳብ የሚያሸንፈው ልዩነቱን ሲያስቀምጥ ብቻ ነው። የብድር ክፍያ ሳይወዱ በግድ ያስቆጥባል፤ ተከራይን የሚያስገድደው የለም። ራስዎን ያውቃሉ። ገንዘብ እጅዎ ላይ የማይቆይ ከሆነ ይህንንም በሚዛኑ ላይ ያስቀምጡት፤ ሂሳቡ ተቀራራቢ ሲሆን ለመግዛት በቂ ምክንያት ይሆናል።

ወረቀቱን አይጣሉት። ወለድ ሲለወጥ፣ ኪራይ ሲጨመር ወይም ሥራ ሲቀይሩ፣ አለበለዚያም በየስድስት ወሩ ከደረጃ 1 ጀምረው እንደገና ይሥሩት።