ኤሲ/ዲሲን ሰብሰብ ብሎ ማድመጥ፦ ደብረ ብርሃን ላይ እንዴት እንደምናሰናዳው

መጀመሪያ ቀን ቁረጡ። ኤሲ/ዲሲ የተባለውን የአውስትራሊያ የሮክ ሙዚቃ ቡድን የምንወድ ሰዎች ብዙዎቻችን ለብቻችን የምናደምጥ ነን፤ አንዱ ሱቁ ውስጥ፣ አንዱ መኪናው ውስጥ፣ አንዱ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። መንገድ ላይ ስንገናኝ «አንድ ቀን ሰብሰብ ብለን እንስማ እንጂ» እንባባላለን፤ ቀን ያልተቆረጠለት ነገር ግን ክረምት በክረምት እየተተካ ይቀራል።

እኛ የምንሰበሰበው ሐምሌ 18 ወይም ለእርሱ በሚቀርበው ቅዳሜ ነው። «ባክ ኢን ብላክ» የተሰኘው አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1980 ነው፤ በእኛ ሐምሌ 18 ቀን 1972 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ቀኑ ለእኛ አገር የተመረጠ ይመስላል። ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 ተፈትቷል፣ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው፤ በመሐል ያለው ጊዜ ለግብዣም ለሙዚቃም ነጻ ነው። በማግስቱ ሐምሌ 19 ገብርኤል ስለሆነ ግን ቤተ ክርስቲያን ለሚሄዱት ስትሉ በጊዜ ጨርሱ። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ 12 ሰዓት ላይ መበተን ይበቃል።

የመጀመሪያውን ታዋቂ ድምፃዊ፣ የቦን ስኮትን ሙት ዓመት ማሰብ የሚፈልጉም አሉ። እርሱ ለንደን ላይ የሞተው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1980 ነው። ቀኑ አብዛኛውን ጊዜ የካቲት 12 ላይ ይውላል፤ ያ ደግሞ የሰማዕታቶቻችን ቀን ነው፣ አንዳንድ ጊዜም ዐቢይ ጾም ገብቷል። በዚያ ቀን ሰው ሰብስቦ ጊታር ማስጮህ አይገባም፤ ለማሰብ ለብቻ ዝቅ አድርጎ መስማት በቂ ነው።

ሰው ስትጠሩ ከስድስት እስከ አሥር ይሁን። ከዚያ ከበዛ ወሬ ይበዛል፣ ማድመጥ ይጠፋል። ሁሉም የቆየ ወዳጅ አይሁን፤ ሰምቶ የማያውቅ ሁለት ሰው ጨምሩ። ከመሐል ሜዳ ወይም ከደብረ ሲና የሚመጣ እንግዳ ካለ የመንገዱን ሁኔታ ከአንድ ቀን በፊት በስልክ አጣሩለት፤ ማደሪያም አዘጋጁለት። የጣርማበር ጉም በሐምሌ መንገድ እንደሚሰውር የማያውቅ የለም።

ይህ ሙዚቃ ወደ እኔ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። አጎቴ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ወደብ ላይ ካሴት ይገዛሉ፤ ከኮምቦልቻ ሸዋ ሮቢት፣ ከሸዋ ሮቢት ዳገቱን እስከ ጣርማበር ያንኑ እየሰሙ ይወጣሉ። ካሴቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የማልችል ልጅ ሆኜ እንኳ የትኛው ዘፈን ከየትኛው እንደሚከተል በልቤ ይዤው ነበር። በኋላ ልብስ ሰፊ ሆንሁ፤ ዋና ሥራዬ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ይህን ያነሣሁት ወደ ታች የሚያስፈልግ ስለሆነ ነው።

ለጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ። በቀጥታ በራቸው ሂዱ፤ ልጅ አትላኩ። «ይህ የሰይጣን ሙዚቃ ነው ይባላል» የሚሏችሁ ይኖራሉ፤ ስጋቱ ከልብ ስለሆነ በአክብሮት መልሱ። እኔ የምነግራቸው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው «ሃይዌይ ቱ ሄል» ስሙ ሲኦልን ቢጠራም የቡድኑ ጊታር ተጫዋች አንገስ ያንግ ደጋግሞ እንደተናገረው ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ እየዞሩ መዝፈን ያለውን ድካም የሚገልጽ ነው። «ባክ ኢን ብላክ» ደግሞ የሐዘን አልበም ነው። ሽፋኑ ጥቁር የሆነው ለሞተው ጓደኛቸው ነው፤ አሳታሚው ኩባንያ ጽሑፉ እንዲታይ ብሎ በስማቸው ዙሪያ ግራጫ መስመር እንዲጨመር ባይጠይቅ ኖሮ ፈጽሞ ጥቁር ይሆን ነበር። ጥቁር የሚለብስ ሰው ምን እንዳገኘው ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ እትዬ ጎረቤቴ ይህን ከሰሙ በኋላ ዳቦ ጋግረው ልከውልኛል። ሐቁንም አትደብቁ፦ ከግጥሞቹ መካከል ለልጆች ጆሮ የማይሆኑ አሉ። ስለዚህ ዝግጅቱን የዐዋቂዎች አድርጉት።

አሁን ወደ ክፍሉ። በሐምሌ ትልቁ ጠላት ዝናብ ነው። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ዶፍ ሲወርድ ሙዚቃ መስማት አይቻልም፤ ድምፅ ብትጨምሩም ጩኸት በጩኸት ላይ መጫን ነው። ኮርኒስ ያለው ቤት ፈልጉ። ሲሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳም ድምፁን መልሰው ያንጫርሩታል። ለዚህ መፍትሔው በአገራችን እጅ ላይ ነው፦ መሬቱ ላይ የመንዝ የበግ ፀጉር ምንጣፍ፣ ከስፒከሮቹ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ባና ወይም ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ። ልዩነቱን ከበሮው ሲመታ ወዲያው ታውቁታላችሁ፤ የተዝረከረከው ድምፅ ይሰበሰባል። ሰውም ቅዝቃዜውን ይረሳል።

ስፒከር ሁለት ያስፈልጋል፤ አንድ ሳይሆን ሁለት። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም። በብሉቱዝ የሚሠራው አንዱ ትንሽ ስፒከር ለጉዞ ጥሩ ነው፤ ለኤሲ/ዲሲ ግን አይሆንም። ምክንያቱም የሁለቱ ወንድማማቾች ጊታር በሁለት ወገን ተለያይቶ ነው የተቀረጸው፤ የማልኮም በአንደኛው ጎን፣ የአንገስ በሌላኛው። ሁለቱን በአንድ ሳጥን ስትደፍቋቸው ውይይቱ ይጠፋል። ስፒከሮቹን ከግድግዳ ሁለት ክንድ ያህል አርቁ፣ ወደ ተቀማጩ ትንሽ አዙሯቸው፣ ቁመታቸው ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ይስተካከል። የሁለት ሰዎች ወሬ የማይሰማበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ድምፁን መጨመር አቁሙ። ከቦን ስኮት በኋላ የመጣው ድምፃዊ ብራያን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2016 መስማት ጨርሶ ሊያጣ እንደሚችል ሐኪሞች አስጠንቅቀውት ጉዞውን አቋርጦ ነበር፤ የቀሩትን ዝግጅቶች የጋንስ ኤን ሮዝስ ቡድን ድምፃዊ አክስል ሮዝ ነው የዘፈነለት። ጆሮ የሚተካ ዕቃ አይደለም።

መብራት ይጠፋል ብላችሁ ተነሡ። የተሞላ ባትሪ ከነኢንቨርተሩ አስቀድማችሁ ተውሱ፤ ከመምጣታቸውም በፊት ሞክሩት።

የዕለቱ ዋና ነገር ይህ ነው። አዲስ ሰው ኤሲ/ዲሲን ሲሰማ ጆሮው የሚሄደው ወደሚጮኸው ድምፃዊና ወደሚዘለው አንገስ ነው። የቡድኑ ልብ ግን ማልኮም ነው። ስለዚህ ከማንኛውም አልበም በፊት አንድ ዘፈን እንዲህ አሰሙ። የማጫወቻውን የግራና የቀኝ ማስተካከያ ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ውሰዱት፤ አንገስ መሪውን ጊታር ሲጀምር ካልጠፋ ወደ ሌላኛው ወገን አዙሩት። ያን ጊዜ የሚቀረው ማልኮም ነው። ዝም በሉና ተከታተሉት። ይመታል፣ ያቆማል። ሲያቆም ክሩን በመዳፉ ይዞ ፍጹም ዝምታ ያደርጋል፤ በዚያች ዝምታ ውስጥ ከበሮው ብቻውን ይወድቃል፣ ከዚያ እጁ እንደገና ይገባል። አይቸኩልም፣ አይዘገይም፣ ጌጥ አይጨምርም። የሚጫወትበት የግሬች ጊታር ላይ ከነበሩት ድምፅ ተቀባዮች አንዱን ብቻ ትቶ ሌላውን ነቅሎ ጥሎታል፤ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይበቃኛል ሲል እንዲህ ነው። ድምፁም ሰዎች እንደሚያስቡት የተንጫጫ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክር ተለይቶ ይሰማል። እንግዶቹ ይህን ከሰሙ በኋላ ማስተካከያውን ወደ መሐል መልሱት። አንገስ ከሌላው ጎን ሲገባ ፊታቸውን ተመልከቱ። እኔ ብዙ ሰው በዚህች ቅጽበት ሲማረክ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ «ሃይዌይ ቱ ሄል»፣ ዕረፍት፣ «ባክ ኢን ብላክ» ነው። ሁለቱንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳትዘሉ። ሁለተኛው አሥር ዘፈን አለው፤ በካሴቱ በየገጹ አምስት አምስት። ሁሉም 42 ደቂቃ ገደማ ነው።

በዕረፍቱ አንድ ሰው ታሪኩን ይናገር፤ አጭር ይሁን። ወንድማማቾቹ ግላስጎ ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1963 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አውስትራሊያ እንደተሻገሩ፣ ቡድኑን በ1973 ሲድኒ ላይ እንደመሠረቱ። ቦን ስኮት በ33 ዓመቱ ሲሞት ቡድኑን ሊበትኑት አስበው እንደነበር፣ በቀብሩ ላይ ግን ወላጆቹ ቀጥሉ እንዳሏቸው። ልጁን የቀበረ ቤተሰብ ለልጁ ጓደኞች ሥራችሁን አትተዉ ማለቱ እኔን ሁልጊዜ ያስለቅሰኛል። ብራያን ጆንሰን ከእንግሊዝ ኒውካስል አካባቢ ተጠርቶ መጣ፤ ቦን በሕይወት ሳለ ድምፁን አድንቆለት ነበር። ባሃማስ ናሶ ሄደው ቀረጹ፤ ነጎድጓድና ዝናብ ተቀበላቸው፣ የመጀመሪያው ዘፈን ግጥምም ከዚያ ነጎድጓድ ተነሣ። በጥቂት ወራት ውስጥ አልበሙ ወጣ።

ያ የአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን በደወል ይጀምራል። ደወሉ አንድ ቶን የሚመዝን ነሐስ ነው፤ እንግሊዝ ላፍቦሮ በሚገኘው የጆን ቴይለር ደወል ማቅለጫ ተሠርቶ ድምፁ እዚያው ተቀረጸ። አስቀድመው ከተማው ውስጥ ካለ የመታሰቢያ ማማ ደወል ሊቀርጹ ሞክረው ነበር፤ በተደወለ ቁጥር ወፎቹ ግር ብለው እየተነሡ የክንፋቸው ድምፅ አበላሸባቸው። ተራኪው እዚህ ላይ ይቁም፤ ማብራሪያ አይጨምር። ማጫወቻውን ክፈቱት።

ልብሱን እንመለስበት። አንገስን የተማሪ ዩኒፎርም ለብሶ እንዲወጣ ሐሳብ የሰጠችው እህቱ ማርጋሬት ናት፤ የቡድኑንም ስም ያገኘችው እርሷው በልብስ ስፌት መኪና ላይ አይታ ነው። አንድ ሰው የአንገስን ልብስ ለብሶ ቢቀበላችሁ ዕለቱ በዓል ይሆናል። ከዩኒፎርም ሥራ የተረፈ ጨርቅ ይበቃል፤ ከፋይ ጨርቅ ከተገኘ ደግሞ የበለጠ ያምራል። ቁምጣው ከጉልበት በላይ አራት ጣት ይሁን። ኮቱን በተለመደው ልኬት ከቆረጣችሁት ሰውየው ክንዱን ሲያነሣ ወገቡ ድረስ አብሮ ይነሣል፤ ስለዚህ ብብቱ ሥር ጎን ለጎን ሦስት ጣት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ በሰያፍ ቆርጣችሁ አስገቡበት፣ ስፌቱንም ሁለት ጊዜ ድገሙት። ገበር አታድርጉለት፤ የሚዘል ሰው ያልበዋል። ኪሱ ላይ አንድ ትልቅ «አ» ጥለፉ። ክራቫትና ቆብ ጨምሩ። የደብረ ብርሃን ብርድ ለቁምጣ ስለማይራራ እስከ ጉልበት የሚደርስ የሱፍ ካልሲ አትርሱ።

ምግቡ ቀላል ነው፤ የገብስ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ቡና። ቡናው በዕረፍቱ ይፈላ፤ ሙዚቃ ላይ ሲኒ አይንኳኳ። አረቄ ግን አላቀርብም። ከተማችን በአረቄዋ የምትታወቅ መሆኗን አውቃለሁ፣ የሚቀየመኝም አለ። ቦን ስኮትን የገደለው ከመጠን ያለፈ አልኮል መሆኑን መርማሪው በይፋ አስታውቋል። እርሱን ለማሰብ በተጠራ ቤት ያንኑ መቅዳት አልችልም።

ሁለተኛው አልበም ሲያልቅ ወዲያው አትናገሩ፤ ከዚያ በዕድሜ ከታናሹ ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው የሰማውን አንድ ነገር ይናገር። አንድ ብቻ፦ የከበሮ ምት፣ የቃል ጩኸት፣ ዝምታ። ታናሹ የሚቀድመው ታላላቆች ከተናገሩ በኋላ አፉ ስለሚያያዝ ነው። ባለፈው አንድ የመሐል ሜዳ መምህር ስለ ክሊፍ ዊሊያምስ ቤዝ ሲናገር «ሰውየው በአንድ ኖታ ላይ ቆሞ ሁሉን ይሸከማል» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ቤዝ ሳልሰማ ያለፍሁት ዘፈን የለም። «ቦን ይበልጣል ወይስ ብራያን?» የሚለውን ጥያቄ ግን እስከ ምግቡ መጨረሻ ከልክሉ። ከተነሣ ሌላ ወሬ አይኖርም።

የተመዘገበውን ሁሉ ለወጣቶቹ ስትነግሩ ማልኮምን አትዝለሉ። የመርሳት በሽታ ይዞት እ.ኤ.አ. በ2014 ቡድኑን ተወ፤ ኖቬምበር 18 ቀን 2017፣ በእኛ ኅዳር 9 ቀን 2010 ዓ.ም. አረፈ። የወንድሙ ልጅ ስቲቪ ቦታውን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን «ፓወር አፕ» ያንን ዐውቃችሁ ስሙት፤ በማልኮም ሐሳቦች ላይ ተሠርቶ ለእርሱ መታሰቢያ የሆነ ነው።

ከመበተናችሁ በፊት የሚቀጥለውን አስተናጋጅ በዕጣ ለዩ፣ ስፒከሮቹንም ለእርሱ አስረክቡ፤ ዕቃው አስተናጋጁ ቤት ከከረመ ቀኑ አይዘለልም። የዘንድሮው ዕጣ ደብረ ሲና ወጥቷል። ቤቱ ኮርኒስ የለውም፤ ስለዚህ እስከ ሰኔ መጨረሻ ኮርኒስ የሚመታ ሰው እየፈለግን ነው።