ራዲዮ አልይዝ ሲላችሁ (ደሴና ዙሪያዋ ላላችሁ)

ደሴ ውስጥ ኤፍኤም ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቤት አለ፤ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ግን ሽሽሽ ብቻ። ራዲዮውን አትውቀሱት። ኤፍኤም ከ88 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለው ሞገድ ነው፣ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ በእናንተና በማሰራጫው መሃል እንደ ጦሳ ያለ ተራራ ከገባ ይዳከማል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቦታ ቀይሩ፣ መስኮት አጠገብ፣ ከቆርቆሮና ከፍሪጅ ራቅ አድርጉት። ከዚያ አንቴናውን ወደ 75 ሴንቲ ሜትር ሳቡት። ለምን 75? 300ን ለሜጋ ኸርዙ ስታካፍሉ የሞገዱን ርዝመት በሜትር ታገኛላችሁ፤ በ100 ላይ 3 ሜትር ይሆናል፣ አንቴና ደግሞ የዚያ ሩብ ሲሆን ደህና ይይዛል።

መካከለኛ ሞገድ (ራዲዮው ላይ AM ወይም MW የሚለው) ላይ ያንን የሚሳበውን አንቴና ብትጎትቱት ትርፉ ድካም ነው። የዚህኛው አንቴና ውስጥ ነው ያለው፣ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ። ራዲዮውን ራሱን ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ የሆነ አቅጣጫ ላይ ድምፁ ጎላ ይላል። የሚያንጫጫ ከሆነ አጠገቡ ያለውን የስልክ ቻርጀር ንቀሉት፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ገደል ስር ላላችሁ አጭር ሞገድ ይሻላል፣ ከ3 እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ ያለው። ከላይ ከሰማይ ተመልሶ ስለሚወርድ ተራራ ብዙም አይገደውም። ማታ ከ10 ሜጋ ኸርዝ በታች ያለውን፣ ቀን ደግሞ ከፍ ከፍ ያለውን ፈልጉ።

በነገራችን ላይ ጆሯችን የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን የአየር ንዝረት ነው። የራዲዮ ሞገድ ራሱ አይሰማም፣ ድምፁን ተሸክሞ ያመጣል እንጂ።