ዳቦ ላይ የሚቀባ የዓሣ ማባያ፦ እባካችሁ እነዚህን አትሳሳቱ

እሳት ሳንለኩስ የምናዘጋጀው ማባያ ነው ስል፣ ዓሣው ጥሬ ይሁን ማለቴ አይደለም። ባሕር ዳር ውስጥ ይህን ደጋግሜ የምናገረው ሐይቁ አጠገባችን ስላለ ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤቴን ለቤት ምርቃት ላግዛት ስሄድ፣ ጠዋት ከጣና የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ገዝታ፣ ሥጋውን ከትፋ፣ ሎሚ ጨምቃበት አገኘኋት። «ሎሚው ያበስለዋል» አለችኝ። እኅቴ፣ ሎሚ አያበስልም! ሥጋው የሚነጣው ኮምጣጣው ፕሮቲኑን ስለሚለውጠው ነው፤ ውስጡ ያለ የትል እጭ ግን በሕይወት ይቆያል። «ዛሬ የወጣ ትኩስ ነው» ማለትም አያድንም፤ ትሉ ዓሣው ውስጥ የሚገባው ገና በውኃው ሲዋኝ ነውና። የጣናን ዓሣ ያጠኑ ሰዎችም እነዚህን ትሎች አግኝተዋል። በብርድ ለመግደል ዓሣው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ሙሉ መቆየት አለበት። መብራት በሚመጣና በሚሄድበት ቤት ያለ ፍሪዘር ላይ እንዴት እንተማመናለን? ያን ቀን ቆሮሶውን ጠብሰን አቀረብነው፣ ለማባያው ከሱቅ ቱና አስመጣን።

ስለዚህ የታሸገ ቱና ወይም ሰርዲን፣ አለዚያም ትናንት በደንብ በስሎ ፍሪጅ ያደረ ቆሮሶ ውሰዱ። የቆሮሶውን እሾህ በጣታችሁ ሁለት ጊዜ ፈልጉ፤ እንግዳ እያወራ ነው የሚበላው። ጣሳው ካበጠ ሳትከፍቱት ጣሉት።

ዘይቱን አለማጠንፈፍ እኔም የሠራሁት ስህተት ነው። መጀመሪያ ለማኅበር ሳዘጋጅ «ለምን ይባክናል» ብዬ ሁለቱንም ጣሳ ከነዘይቱ ገለበጥኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዳቦው ራሰ፣ ማባያው ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። አሁን ማጥለያ ላይ አድርጌ በማንኪያ ጀርባ እጫነዋለሁ።

ጨው ሳትቀምሱ አትጨምሩ፤ ቱናው ጨው አለው።

ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ከትፉ፣ በቀዝቃዛ ውኃ አጥቡት፣ ጨምቁት። አለዚያ ከሽንኩርቱ በቀር የሚቀመስ ነገር የለም። ለሁለት ጣሳ ግማሽ ራስ ሽንኩርት፣ ፍሬው የወጣለት አንድ ቃሪያና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ይበቃል።

ማዮኔዝ ላይ ረጋ በሉ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያያይዘዋል፤ ከዚያ ካለፈ ዓሣው ይጠፋል። ከሁሉ በላይ ግን ቀኑን እዩ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው በየቤቱ ይለያያል፤ ስለ ማዮኔዝ ግን ክርክር የለም፣ እንቁላል አለበት። አንድ ዓርብ ቀን አንዲት እናት ከጎረሱ በኋላ ጠይቀውኝ እውነቱን ስነግራቸው፣ ዳቦውን በዝምታ ሲያስቀምጡ ያየሁት ፊት እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ከዚያ ወዲህ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ዓሣ ለሚበላ ጾመኛ የበሰለ አቮካዶ ከትንሽ ሰናፍጭ ጋር እፈጭለታለሁ፤ እንዲያውም ከማዮኔዙ እሱን እወደዋለሁ። አቮካዶው እንዳይጠቁር ሎሚውን ወዲያው ጨምቁበት፤ አቮካዶውን ደግሞ ከዓሣው ጋር መጨረሻ ላይ ቀላቅሉት።

ሐይቁ ዳር ጠረጴዛ ዘርግታችሁ ከሆነ ሙሉውን ሳህን አታውጡ። ከፍሪጅ ከወጣ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት 1 ሰዓትም ብዙ ነው። በትንንሽ ሳህን እያወጣችሁ ተኩ፤ ጠረጴዛ ላይ የዋለውን መልሳችሁ ከአዲሱ ጋር አትቀላቅሉ።

ዳቦውንም አስቀድማችሁ አትቀቡት። ተቆርጦ ለብቻው ይቅረብ፤ እንግዳው እንደ ፍላጎቱ ይቀባል።