ከታንክስጊቪንግ እስከ ጥምቀት፦ የሚድል ስኩል ልጆች ያሏቸው ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የበዓል ወቅቱ ከጎረቤቶቹ ይረዝማል። በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ በሚውለው ታንክስጊቪንግ ይጀምርና፣ የፈረንጆቹን ገናና አዲስ ዓመት አልፎ፣ ጎረቤት የገና ዛፉን አውጥቶ ከጣለ በኋላ ጃንዋሪ 7 ገናን፣ ጃንዋሪ 19 ወይም 20 ደግሞ ጥምቀትን ያከብራል። ወቅቱ ኢንፍሉዌንዛ የሚበረታበት፣ ቤት በብርድ ምክንያት ተዘግቶ የሚዋልበት፣ የትምህርት ቤት ፕሮግራምም የሚቆራረጥበት ነው። ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያለው ወላጅ በዚህ ላይ አንድ የተለየ ነገር ይገጥመዋል፤ ልጁ ራሱን የቻለ ይመስላል፣ እንግሊዝኛውም ከወላጁ ይሻላል፣ ስለዚህ የቤቱ መረጃ ሁሉ በልጁ በኩል እንዲያልፍ ይተዋል። ከሚከተሉት ስህተቶች ከፊሎቹ ከዚህ የመጡ ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ አገር ቤት በግቢና በነፋሻ ቤት የለመድነውን ነገር በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ስንደግመው የሚፈጠሩ ናቸው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የተወሰዱ ናቸው።

ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት የመጣን ደብዳቤ አንብቦ በአማርኛ ማስረዳት ይችላል። ነገር ግን ደብዳቤው ስለ ራሱ መቅረት፣ ስለ ወረደ ውጤቱ ወይም ስለ ጸባዩ በሚሆንበት ጊዜ ክሱን የሚተረጉመው ተከሳሹ ራሱ ይሆናል። ልጁ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ በክፍሉ ተላላፊ በሽታ መታየቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ ለእናቱ ያለውን ክብደት ለእሱ ላይኖረው ይችላል፤ በቦርሳው ውስጥ ተጣጥፎ ይቀራል። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛው ርዕስ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለሚከብደው ወላጅ አስፈላጊ መረጃዎችን በሚገባው ቋንቋ እንዲያደርሱ ያስገድዳል፤ ለአስተርጓሚውም ወላጅ አይከፍልም። ዋሽንግተን ዲሲ ከዚህ በተጨማሪ በ2004 የወጣ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት፣ አማርኛም በዚሁ ሕግ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በሜሪላንድ የሚገኘው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ዋና ዋና ማስታወቂያዎቻቸውን በአማርኛ ያወጣሉ። ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደውሎ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም። ብዙዎቻችን እንግሊዝኛችን ለሥራ ስለሚበቃን ጥያቄውን እንደ ውርደት እንቆጥረዋለን፤ በሥራ ቦታ የሚያግባባ እንግሊዝኛ ግን ስለ ልጅ የአስም መድኃኒት ከትምህርት ቤቱ ነርስ ጋር ለመነጋገር ላይበቃ ይችላል።

አሮጌ ስልክ ቁጥርና የቴሌግራም ወሬ

በረዶ በሚጥልበት ቀን ትምህርት መዘጋቱን ወይም ሁለት ሰዓት ዘግይቶ መጀመሩን የሚያሳውቀው መልእክት ብዙውን ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ይላካል። የሚላከውም ወላጁ ልጁን ሲያስመዘግብ ወደ ሰጠው ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲህ ቤት ወይም ስልክ የለወጠ ወላጅ መልእክቱ ስላልደረሰው ልጁን ወደ ተዘጋ ትምህርት ቤት ይልካል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ ልጁ በትምህርት ቤት ታምሞ ነርሷ ስትደውል ስልኩን የሚያነሳ አለመኖሩ ነው። በሞንትጎመሪም ሆነ በቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ ወላጆች ፓረንትቪው በተባለው ገጽ ገብተው የልጁን መቅረትና ውጤት ማየት ይችላሉ፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ልጁ ብቻ ከሆነ ግን ገጹ ለወላጁ የሌለ ያህል ነው። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ወላጅ ቀን ተኝቶ ስልኩን ስለሚዘጋ፣ በአደጋ ጊዜ ተጠሪነት የአንድ ዘመድ ወይም ጎረቤት ቁጥር ጨምሮ ማስመዝገብ ይኖርበታል።

በሌላ በኩል የማኅበረሰባችን የቴሌግራም ቡድኖች ለልቅሶና ለሠርግ ጥሪ ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው። የአንዱ ካውንቲ መዘጋት የሌላው አለመሆኑን ግን ስለማይለዩ፣ «ነገ ትምህርት የለም» የሚል መልእክት ሲመጣ ከትምህርት ቤቱ ሳያረጋግጡ ማመን አይገባም።

የታመመ ልጅን በመድኃኒት አስታግሶ መላክ

ጠዋት ትኩሳት ያለበትን ልጅ ታይሌኖል አስውጦ ትምህርት ቤት መላክ፣ ወይም ለበዓል አያቱ ቤት መውሰድ፣ በዚህ ወቅት በብዛት ከሚታዩት ስህተቶች አንዱ ነው። መድኃኒቱ ትኩሳቱን ለጥቂት ሰዓታት ይሸፍናል እንጂ ልጁ በሽታውን እንዳያስተላልፍ አያደርገውም። ትምህርት ቤቶች በአጠቃላይ የሚከተሉት ደንብ ልጁ ያለ ማስታገሻ ትኩሳቱ ከለቀቀው 24 ሰዓት እስኪሞላ ድረስ ቤት እንዲቆይ ነው። ይህንኑ ደንብ ለመሶቡም መጠቀም ይገባል፤ የሚያስል ልጅ ለብቻው በሳህን ይብላ፣ ጉርሻውም ለዚያ ሳምንት ይቅርበት።

በመድኃኒቱ ራሱ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። አገር ቤት ፓራሲታሞል የምንለው መድኃኒት እዚህ አሴታሚኖፌን ይባላል፤ ታይሌኖልም እሱው ነው፣ በብዙ የጉንፋን ሽሮፖች ውስጥም ይገኛል። ይህን ያላወቀ ወላጅ ታይሌኖሉንም ሽሮፑንም በየተራ ሲሰጥ ሳያስበው መጠኑን ያበዛዋል፣ ከመጠን ያለፈ አሴታሚኖፌን ደግሞ ጉበትን ይጎዳል። አስፕሪን ኢንፍሉዌንዛ ወይም ጉድፍ ለያዘው ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም፤ አንጎልንና ጉበትን የሚያጠቃ ሬይ ሲንድረም የተባለ፣ ብዙ ጊዜ የማይከሰት ግን ለሞት የሚያደርስ ሕመም ሊያስከትል ይችላልና። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ አሞክሲሲሊንም ለጉንፋን አይሠራም፤ ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም። ዝንጅብል በማር ግን የሚድል ስኩል ልጅን አይጎዳም (አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም)፤ ዳማከሴ ይሻላል የሚል አያት ካለም ክርክር አያስፈልግም፣ ሐኪም ዘንድ መሄድን እስካላስቀረ ድረስ። የመድኃኒት መጠን ተሳስቷል የሚል ጥርጣሬ ሲኖር በ1-800-222-1222 የመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከልን በማንኛውም ሰዓት በነጻ ማማከር ይቻላል።

ክትባቱንም ለዋዜማው ማቆየት ትርፉ ትንሽ ነው፤ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሰውነት መከላከያ እስኪያበጅ ድረስ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕያው ቫይረስ ስለሌለበት «ክትባቱ ራሱ ፍሉ አሲያዘኝ» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

ከሰል በቤት ውስጥ ማቀጣጠል

ከሁሉ በላይ የማሳስበው ይህ ነው። የበዓል ቡና ያለ ከሰልና ያለ ዕጣን ቡና አይመስለንም፤ ዲሴምበር ላይ ግን መስኮቱ ተዘግቷል፣ ማሞቂያው ይሠራል፣ እንግዳው ሞልቷል። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ጭሱ አልቆ ፍሙ ብቻ ሲቀር አደጋው ያለፈ ይመስላል፤ ጋዙ ግን ከፍሙም መውጣቱን አያቆምም። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ስለሆኑ በጾም፣ በድግስ ድካም ወይም በጉንፋን ይመካኛሉ፤ የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ወጥተው 911 መደወል አለባቸው። መስኮት ገርበብ አድርጎ መክፈት በቂ መከላከያ አይደለም። ከሰሉን መተውና ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ መጣድ የግድ ነው፤ በተረፈው ፍም ቤት ማሞቅ ደግሞ ፈጽሞ የማይታሰብ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ልማድ አለ፤ ዕጣኑ ወይም የሚቆላው ቡና የጭስ ጠቋሚውን ሲያስጮኸው ባትሪውን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ መክተት። ብዙ ጊዜ ባትሪው እስከሚቀጥለው በዓል እዚያው ይቆያል። ቡናውን በረንዳ ላይ ቆልቶ መግባት፣ ወይም የምድጃውን አየር ማውጫ ማብራት ይሻላል። አስም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ዕጣኑ ራሱ ሊያስነሳበት ስለሚችል፣ መተንፈሻ መድኃኒቱ የት እንዳለ ከእንግዳ መምጣት በፊት ማወቅ ያስፈልጋል።

ዶሮ ወጡን ምድጃ ላይ ማሳደር

በዋዜማው የተሠራ ትልቅ ድስት ወጥ ክዳኑ ተገጥሞ ምድጃው ላይ ያድራል፣ ጠዋት ሞቅ ተደርጎ ይቀርባል። በሙቀት የማይሞቱ የባክቴሪያ ዘሮች ድስቱ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የሚራቡበት ጊዜ ያገኛሉ፤ በርበሬውም ቅቤውም አያግዳቸውም። ወጡ ከምድጃ ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ በትንንሽና ዝርግ ዕቃዎች ተከፋፍሎ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ መግባት አለበት፤ ሲበላም ሞቅ ሳይሆን እስኪፈላ መሞቅ አለበት። አሥራ ሁለቱን ብልት በሎሚና በጨው ማጠብ ባክቴሪያ አይገድልም፣ ውኃው ሲረጭ ግን ባክቴሪያውን ወደ ማጠቢያውና ወደ ሰላጣው ያደርሳል። ይህን ልማድ እንተው ብል እንደማልሰማ አውቃለሁ፤ ቢያንስ በጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ በቀስታ ይታጠብ፣ ማጠቢያውም ወዲያው በሳሙናና በበረኪና ይጽዳ።

ክትፎን በተመለከተ፣ የተፈጨ ሥጋ በላዩ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ውስጡ ስለሚደባለቅ ለልጅ ጥሬውን ወይም ለብለቡን መስጠት አይገባም፤ አንዳንድ የኢ. ኮላይ ዓይነቶች በተለይ የልጆችን ኩላሊት ይጎዳሉ። ለልጆች የሚቀርበው 71 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ መብሰል አለበት።

ታላቁን ልጅ ሞግዚት ማድረግ

በዕረፍቱ ሳምንት ወላጆች ተጨማሪ ፈረቃ ሲሠሩ ታናናሾቹ ለሚድል ስኩል ተማሪው ይተዋሉ። በሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች የሆነን ልጅ የሚጠብቅ ሰው ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ስለዚህ የ6ኛ ክፍል ተማሪ የሰባት ዓመት እህቱን ብቻውን ሲጠብቅ ወላጆቹ ሕግ እየጣሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ከስልክ ጋር የሚውል ልጅ እንቅልፉም ይዛባል፤ እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። ከቤተሰቡ ጋር መብላት የተወ፣ ከክፍሉ የማይወጣ ወይም ራሱን ስለ መጉዳት የተናገረ ልጅ ሲኖር «ዕድሜው ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብና የአእምሮ ጭንቀት ላለበት እርዳታ በሚሰጠው መስመር በ988 ቀንም ሌሊትም መደወል ይቻላል።

ያለ ደብዳቤ መቅረት፣ ያለ ዝግጅት መጓዝ

ጃንዋሪ 7 በአብዛኛው የትምህርት ቀን ነው። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ለሃይማኖታዊ በዓል መቅረት በሕግ የተፈቀደ ሲሆን፣ ወላጅ በጽሑፍ ካላሳወቀ ግን ያለ ፈቃድ እንደቀረ ይቆጠራል። «ልጃችን የኦርቶዶክስ ገናን ስለምናከብር ይቀራል» የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

አገር ቤት ለመሄድ የታሰበ እንደሆነ ነገሩ ይከብዳል። ገናና ጥምቀት ከትምህርት ቤቱ ዕረፍት ውጭ ስለሚውሉ ጉዞው በቀላሉ ወር ይሞላል። በቨርጂኒያ በተከታታይ 15 የትምህርት ቀናት የቀረ ተማሪ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ በ180 ቀናት የትምህርት ዓመት ውስጥ 18 ቀን መቅረት ደግሞ ልጁን አዘውትረው ከሚቀሩ ተማሪዎች ጋር ያስቆጥረዋል። ስለዚህ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ከርእሰ መምህሩና ከአማካሪው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ሐኪም ዘንድም ከጉዞው አራት ወይም ስድስት ሳምንት አስቀድሞ መሄድ ይገባል። አዲስ አበባ ከተማ ወባ የለም፤ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ግን አለ። አሜሪካ የተወለደ ልጅ ምንም የመቋቋም አቅም የለውም፣ አገር ቤት ያደገው ወላጅም ለዓመታት ርቆ ሲቆይ የነበረውን ያጣል፤ «እኛ ለምደነዋል» ማለት ስህተት ነው። አንዳንዱ የወባ መከላከያ ክኒን ከመነሳት በፊት አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀር፣ ሌላው ሁለት ሳምንት ሲቀር ይጀመራል፣ ከተመለሱም በኋላ ይቀጥላል፤ ቤት በመድረሱ ተደስቶ ማቋረጥ የተለመደ ጥፋት ነው። ከተመለሱ በኋላ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ ልጁን ትኩሳት ከያዘው፣ በፍሉ ወቅት የሚያየው ሐኪም ወባን ላያስብ ስለሚችል፣ ወላጁ ገና ሳይጠየቅ ኢትዮጵያ ሄደው እንደነበርና በየትኞቹ ከተሞች እንዳደሩ ተናግሮ የደም ምርመራ በዚያው ቀን እንዲደረግ መጠየቅ አለበት።