የወርክስቴሽን ፕሮሰሰር እንዴት ይቀየራል? መጀመሪያ ጭራውን አንብቡ

ባሕር ዳር ውስጥ የሕንፃ ንድፍ ወይም የሠርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች ጋ ብትገቡ ያገለገለ ወርክስቴሽን (ለከባድ ሥራ የተሠራ ኮምፒውተር) አታጡም። ብዙዎቹ ላይ ያለው ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ቺፕ) ኢንቴል ዚዮን ኢ5 ነው። (እናቴ ጽዮን መስሏት ደስ ብሏት ነበር።) ማሽኑ በደካማ ፕሮሰሰር ከመጣላችሁ በተሻለ መቀየር ይቻላል።

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ፕሮሰሰር ሙሉ ስም በጽሑፍ ያዙ። በቃል አይሆንም። እኔ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ በስልክ «ሃያ ስድስት ሰማንያ ግዛልኝ» አልኩት። ገዛና በአውቶቡስ ላከልኝ። ፔዳ አካባቢ ያለችው ክፍሌ ውስጥ ማሽኑን ፈትቼ ላስቀምጠው ብል እምቢ አለ። ባዞረውም አልገባ አለ። በኋላ ጀርባውን ሳነበው መጨረሻው ላይ «ቪ2» ይላል። የኔ ቦርድ (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ማዘርቦርድ) የሚቀበለው ቪ3 ነው። ሻጩም አልመልስም አለ። ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት እንዳይበር መጫኛ ሆኗል።

ስሙ እንዲህ ይነበባል። ኢ5-2680 ቪ3 ከሆነ፣ የመጀመሪያዋ 2 አንድ ቦርድ ላይ ሁለት ሆነው መሥራት ይችላሉ ማለት ነው። ብቻውንም ይሠራል። በ1 የሚጀምሩት ለብቻቸው ብቻ ናቸው፣ በ4 የሚጀምሩት እስከ አራት። ጭራው፣ ማለትም መጨረሻ ላይ ያለው «ቪ3»፣ ትውልዱ ነው። ጭራ የሌለውና ቪ2 ዲዲአር3 የሚባለውን ራም (የሥራ ማስታወሻ) ይጠቀማሉ። በፈረንጆቹ 2014 የወጣው ቪ3 እና በ2016 የወጣው ቪ4 ደግሞ ዲዲአር4። የአብዛኞቹ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የሚገባበት ቦታ) «2011» ይባላል፣ የቪ3ና የቪ4 ግን 2011-3 ነው፤ ከድሮው ጋር አይገጥምም። እኔን የሸወደኝ ይሄው ነው።

የኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚካፈሉ ክፍሎች) ብዛት ብቻ አይታችሁም አትግዙ። 2603 ቪ3 እና 2620 ቪ3 ሁለቱም 6 ኮር ናቸው፣ የመጀመሪያው ግን በ1.6 ጊጋኸርዝ እየተጎተተ የሚሠራ፣ ተርቦ (ሲያስፈልግ ፍጥነቱን የሚጨምርበት) እንኳን የሌለው ነው። በነጻ ቢሰጡኝም አልወስደው። ለሬንደር (የተሠራውን ንድፍ ወይም ቪዲዮ አስልቶ ለማውጣት) 12 ኮር ያለው 2680 ቪ3 ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ንድፍ ለሚስል ሰው ግን 6 ኮር ያለው 1650 ቪ3 ይሻላል፤ ፍጥነቱ 3.5 ጊጋኸርዝ ነው። ከቁጥሩ ኋላ «ኤል» ካለ መብራት ይቆጥባል፣ ግን ይዘገያል። «ደብልዩ» ካለ ይሞቃል፤ 2687ደብልዩ ቪ3 160 ዋት ይፈልጋል፣ ማቀዝቀዣችሁን እዩ።

ከቪ3 ወደ ቪ4 ከሆነ፣ አሮጌው ፕሮሰሰር እንዳለ ባዮሱን (ቦርዱን የሚያስነሳውን ፕሮግራም) አድሱ። ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) አትሞክሩት። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ቦርዱም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ከዚያ ማሽኑን ከመብራት ነቅላችሁ ፍቱ። ስስ መርፌዎቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ ነው፤ በጣት አትንኳቸው። ማንሻዎቹ ሁለት ናቸው፣ ቀድሞ የተከፈተው መጨረሻ ይዘጋል። የጥጉን ሦስት ማዕዘን ምልክት አገናኙ፣ ሳትጫኑ አስቀምጡ። የድሮውን ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባውን) በአልኮል ጥረጉና አዲሱን የምስር ፍሬ ታህል አድርጉ።

ራሙን አራት ተመሳሳይ አድርጉ፤ ፕሮሰሰሩ አራት ቻናል (ወደ ራም የሚሄድ መንገድ) ስላለው በአንድ ራም ማስነሳት ጉልበቱን ማባከን ነው። ኢ5 የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው የስክሪን ካርዱን እንዳትረሱ።

ሲነሳ ቢዘገይ አትደንግጡ። ሙቀቱን ግን በሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ፣ ሬንደር እያስኬዳችሁ ለኩት። 80 ዲግሪን ካለፈ አጥፉትና ፔስቱን እንደገና ቀቡት።